የጌንያ እግርና የአፖሎንያ በርሜል

ፓኒ ጌንያን (በኛ ቋንቋ ፓኒ ወይዘሮ ማለት ነው) የማያውቃት ሰው፣ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነው። እንግሊዝ አገር ኅዳር ማለት ዝናቡ ወደ ጎን የሚዘንብበት ወር ነው። ሌላው ምእመን በሱፍ ካልሲና በቦት ጫማ ተጠቅልሎ ሲመጣ እሷ ሰንደል ጫማዋን አድርጋ ከተፍ ትላለች። ከግራ እግሯ ሦስት ጣቶች የሉም። የቀሩትን የሁለቱን ጥፍር ደማቅ ቀይ ትቀባቸዋለች፤ የሚያይ ሁሉ እንዳይስታቸው።

ባለፈው ዓመት ከፖላንድ የመጣው አዲሱ ቄስ፣ ገና ለጋ ልጅ፣ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ብርድ እንዳይመታዎት» ቢላት፣ «አባ፣ እኔና ብርድ ድሮ ተለካክተናል፤ ካላመኑኝ እሱኑ ይጠይቁት» አለችው። ቄሱ ሁለተኛ አልሞከራትም። እኛማ ስለምናውቃት ዝም ነው የምንላት።

የዛሬን አያድርገውና፣ ይህችው ጌንያ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ያንን እግር ሰው እንዳያይባት ስትል የማትሆነው አልነበረም።

ጣቶቿን የበላው የሩሲያ ውርጭ ነው። ጦርነቱ በተነሣበት የመጀመሪያው ክረምት የሶቪየት ወታደሮች በምሥራቅ ፖላንድ ያለውን መንደራቸውን ከበው፣ እናቷን አፖሎንያን፣ ታላቅ እኅቷን ማርሴላንና የአራት ዓመቷን ጌንያን ከብት በሚጓጓዝበት ባቡር ወደ ሰሜን ደን ወሰዷቸው። አባቷ ሲልቬስተር ቀድሞ ከጦሩ ጋር ሄዶ የገባበት አይታወቅም ነበር። አፖሎንያ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ስትጥል ትውላለች። የልጅቷ ጫማ ለዳቦ ተሽጦ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከረመ። ጣቶቿ መጥቆር ሲጀምሩ ማርሴላ እግሯን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ አቅፋት ታድር ጀመር። ሦስቱ አልተረፉም። የተረፉት በማርሴላ ሙቀት ነው። ማርሴላ ራሷ ግን በኋላ፣ ተለቀው ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ኡዝቤኪስታን ላይ ተስቦ ወሰዳት።

እናትና ልጅ ፋርስን አቋርጠው ሕንድ ገቡ፤ እዚያ ለፖላንድ ስደተኞች በተሠራው ሰፈር ዓመታት ተቀመጡ። አንድ ቀን ጌንያ ወንዝ ዳር ጫማዋን ብታወልቅ ልጆቹ «ዳክዬ! ዳክዬ!» እያሉ እስከ ቤቷ ሸኟት። ልጅ እንደሆነ ክፉ ነው፤ የተሰደደ ልጅም ያው ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሸራ ጫማዋን ከእግሯ አልለየችም።

በፈረንጆቹ 1948 ወደ እንግሊዝ መጡ። ሲልቬስተር በሕይወት ተገኝቶ ነበር፤ ጣሊያን ድረስ ተዋግቶ፣ ጦሩ ሲበተን ከጓደኞቹ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ለፖላንዶች ከተሰጠው ካምፕ ገብቷል። ካምፑ የጦር ሆስፒታል የነበረ ነው። የቆርቆሮ ጎጆዎቹ ለሁለት ተሰንጥቆ መሬት ላይ የተደፋ በርሜል ይመስላሉ። የኛ ሰዎች «የሳቅ በርሜል» ብለው ስም አወጡላቸው። ሳቁ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ በበጋ ያፍናሉ፣ በክረምት ግድግዳቸው ከውስጥ ውሃ ያወርዳል።

በካምፑ ሕግ ምግብ የሚበላው ከጋራው ወጥ ቤት ነበር። የተቀቀለ ድንች፣ የተቀቀለ ካሮት፣ የተቀቀለ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር። አፖሎንያ ሳህኗን ባየች ቁጥር ትንገሸገሻለች።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የቀቀለውን በላሁ» አለችው ባሏን። «የራሴን ጎመን በበርሜል ሳላኮመጥጥ ቤት ገባሁ አልልም። ሰምተኸኛል?»

ሲልቬስተር ሰምቷታል። ከጦርነቱ በፊት በርሜል ሠሪ ነበር፤ አሁን በአቅራቢያው ባለ የእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራል። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ዓርብ፣ ከትርፍራፊ የባሉጥ ጣውላ የሠራውን በርሜል በጀርባው አዝሎ መጣና ጎጆው መካከል አስቀመጠው። አፖሎንያ ዞረችው። በጣቷ አንኳኳችው።

«አያፈስም?»

«የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው የጠየቅሁህ» አለችው፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ በመጎናጸፊያዋ ዐይኗን ጠረገች።

አሁን የቀረው ጎመኑን መርገጥ ነው። ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በባዶ እግር ካልተረገጠ ውሃውን አይተፋም፤ ውሃውን ካልተፋ አይኮመጥጥም። አፖሎንያ ባደገችበት መንደር ደግሞ የሚረግጠው ማንም አይደለም። የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ናት። ሌላ ሰው ከረገጠው ይበሰብሳል ይባላል። ሥራው የማርሴላ ነበር። ወታደሮቹ በመጡ ጊዜ ማርሴላ የረገጠችው ጎመን ከነበርሜሉ ምድር ቤት ቀርቷል። አፖሎንያ ስለ ቤቷም ስለ ላሞቿም አታነሣም፤ ስለዚያ በርሜል ግን አልፎ አልፎ «ማን በልቶት ይሆን?» ትላለች።

«ነገ አንቺ ትረግጫለሽ» አለቻት ጌንያን።

«እኔ? እኔ አልረግጥም፣ እማ።»

«ታዲያ ማን ይርገጥልኝ? አባትሽ?»

«ጫማዬን አድርጌ ከሆነ እሺ።»

«በጫማ! ጎመን ነው የምትረግጪው ወይስ ጭቃ?»

«ታላቋ ማርሴላ ናት፤ እኔ አይደለሁም።»

አፖሎንያ እጇ ላይ ያለውን ቢላ አስቀመጠች። «አሁን አንቺ ነሽ» አለች ቀስ ብላ።

 ጌንያ ግን እንዲሁ እጅ የምትሰጥ ልጅ አልነበረችም። በሩ እንዲቆለፍ፣ መጋረጃው እንዲወርድ፣ አባቷም ጭምር ውጭ እንዲቆይ እናቷን አስማለች። እንዲህ የምትሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከተማ ያለው የእንግሊዞች ትምህርት ቤት ገብታ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲዘል እሷ «አላወልቅም» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቆማለች። ዶሪን የምትባል የክፍሏ ልጅ «ጫማዋን የማታወልቀው ሰኮና ስላላት ነው፤ ፖላንዶች ሁሉ ሰኮና አላቸው» ብላ አስወርታባታለች። አሁን ይህ እግር ቢታይ ወሬው ሰኞ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል።

በማግስቱ ሲልቬስተር ፒፓውን ይዞ ወደ ደጅ ተባረረ። አፖሎንያ የልጇን እግር በሙቅ ውሃና በብሩሽ እስኪቀላ ፈተገችው። ከዚያ ብድግ አድርጋ በርሜሉ ውስጥ ከተተቻት። ጎመኑ ከእግሯ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ቀስ እያለ ውሃው ወጣ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ኋላም እስከ ባቷ ዋጣት። እናቷ ከላይ ጎመንና ጨው እየጨመረች ታንጎራጉራለች። ጌንያ እናቷ ስታንጎራጉር ሰምታ አታውቅም ነበር። በእግሯ ሳታፍር የቆየችበት የመጀመሪያው ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል።

በሩ ተንኳኳ።

እዚህ ላይ አፖሎንያ የኛ ሴት ብቻ የምትሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተች። ጎመን በሚረገጥበት ቀን በር ያንኳኳን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ የመጀመሪያውን እፍኝ እሱ መቅመስ አለበት። መሐላዋን ረስታ፣ እፍኝ ጎመን ይዛ፣ ፈገግ እንዳለች በሩን ከፈተችው።

የቆመው ሚስተር ፔንበሪ ነበር፤ የጤና ተቆጣጣሪው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው፤ ብቻ ለፍሳሽ ጉድጓድ ያለው ፍቅር ለሰው ካለው ይበልጣል። ከኋላው ሾፌሩ ቆሟል።

«ብላ! ጥሩ!» አለችው አፖሎንያ ባላት እንግሊዝኛ፣ እፍኟን ወደ አፉ እየዘረጋች።

ሚስተር ፔንበሪ ጎመኑን አየ፤ ከዚያ በርሜሉን፣ ከዚያ ከበርሜሉ በላይ የሚታየውን የጌንያን ጉልበት።

«ይህን ሰው ሊበላው ነው?»

«አዎ፣ አዎ! ለገና አንተም ና!»

የሰውየው ፊት ከጎመኑ የባሰ ነጣ። በመኖሪያ ጎጆ ምግብ ማዘጋጀት ክልክል መሆኑን፣ በእግር የተረገጠ ምግብ ደግሞ ለወረርሽኝ በር መክፈት መሆኑን ተናግሮ፣ በርሜሉ አሁኑኑ እንዲደፋ አዘዘ። አፖሎንያ ከተናገረው ሁሉ የገባት የእጁ ምልክት ብቻ ነው። እሱም በቃት።

«ውጪ፣ ልጄ» አላት ጌንያን። «ማንም አይቆጣሽም።»

ጌንያ የበርሜሉን አፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። «አልወጣም።»

እውነቱን ለመናገር ጎመኑ ቢደፋም ባይደፋም ያን ጊዜ ደንታም አልነበራት። እግሯ ያለው ከጎመኑ ሥር ነው። ከወጣች ይታያል። በሩ ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወሬ የሸተተው የካምፑ ሰው ሁሉ ደጁን ሞልቶታል፤ ሕንድ ላይ «ዳክዬ» ያሏት ልጆች ሳይቀሩ እየተጋፉ ነው።

«ልጅቷ እኮ እንቢ አለች!» አለ አንዱ።

«ጎበዝ! የእናቷ ልጅ! እንዳትወጪ!» ጮኹ ሴቶቹ።

ምስጋናው ጌንያን እንደ ስድብ ለበለባት። ጀግና አልነበረችም፤ የተደበቀች ልጅ ነበረች።

ሚስተር ፔንበሪ ሁለት የኛ ሰዎች እንዲያግዙት ጠራ፤ ሁለቱም በድንገት ስለ ደመናው ማሰብ ጀመሩ። ሾፌሩ በርሜሉን ገፋ ሲያደርግ ሴቶቹ «ከነልጅቷ? እስቲ ሞክራት!» ብለው ተንጫጩበትና እጁን ሰበሰበ። በመጨረሻ ሚስተር ፔንበሪ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኳን እዚያ አትኖር፤ ስትወጣ ይደፋል።

ጊዜው ሄደ። ጨው ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ አቃጠላት፣ ከዚያ ደነዘዛት። ያንን መደንዘዝ ጌንያ ታውቀዋለች፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።  አፖሎንያ የልጇን ፊት አየችና ያስማለቻትን ነገር በሙሉ ያኔ አስታወሰች። ቀረብ ብላ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

«ውጪ፣ ልጄ። እኔ እሸፍንሻለሁ። ይድፉት።»

«ጎመኑስ?»

«ጎመን ነው። ምን አባቱ! የድሮውስ ቀርቶ የለ?»

 ጌንያ ጥርሷን ነከሰች። እስካሁን የቆመችው ለራሷ ነበር፤ እናቷ ግን ስምንት ዓመት የጠበቀችውን በርሜል ለልጇ ኀፍረት ስትል ልትደፋው ነው።

«አይደፋም» አለች። «ይህኛውን አንተውላቸውም።»

ግን እግሯ ከዳት፤ በርሜሉን ተደግፋ ቀረች። የዚህን ጊዜ ነው ሕዝቡን ከፍለው ፓኒ ክሌመንቲና የገቡት።

ፓኒ ክሌመንቲና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ፖላንድኛ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ጓንታቸው ከእጃቸው፣ ባለ ተረከዝ ጫማቸው ከእግራቸው አይለይም፤ በጭቃው ካምፕ ውስጥ ጫማቸው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። ልጆች ከሩቅ ኮቴያቸውን ሲሰሙ ቀጥ ይላሉ። ማንንም ሳያናግሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጓንታቸውን አወለቁ። ከዚያ ጫማቸውን ፈቱ፤ ከጫማው ጫፍ የተወተፈ ጥጥ ወደቀ። የእግር ሹራባቸውን ሳብ ሲያደርጉት የቀኝ እግራቸው ብቅ አለ፤ አንድም ጣት የለውም፣ እንደ ዳቦ ጫፍ ድቡልቡል ነው።



«ካዛክስታን» አሉ ፓኒ ክሌመንቲና፣ ሰው እንደሚያስተዋውቁ። «ምን ያፈዛችኋል? ውሃ አምጡልኝ፤ ባልታጠበ እግር ጎመን ውስጥ አልገባም። ጌንያ፣ ጠጋ በይልኝ፤ እኔ ገብቼ ነው አንቺ የምትወጪው። በርሜሉ ባዶ አይሆንም።»

«እንዴ!» አሉ አንዲት አሮጊት ከደጅ። «ታላቅ ልጅ ካልረገጠችው ይበሰብሳል እኮ!»

ሁሉም ወደ አፖሎንያ ዞረ። አፖሎንያ የፓኒ ክሌመንቲናን እግር፣ ከዚያ የልጇን ፊት አየች።

«ዛሬ ታላቋ ልጄ እሳቸው ናቸው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገችና፣ «እግሩን የታጠበ ሁሉ ይግባ! ሁላችሁም ልጆቼ ናችሁ! ከበሰበሰም የራሴ ነው የሚበሰብሰው!»

ጫማ እንደ ጉድ ወለቀ። ጌንያ የቆሙትን ሴቶች እግር አንድ በአንድ አየች፤ የአንዷ አውራ ጣት የለም፣ የሌላዋ ተረከዝ ተቦድሷል፣ የአንዷ ጣቶች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ሁሉም ሲደብቁ ኖረዋል። በአንድ ካምፕ፣ በአንድ ማጠቢያ ቤት፣ እያንዳንዷ ብቻዋን የሆነች መስሏት።

«የኔ አርካንግልስክ ቀርቷል!»

«የኔ ደግሞ ቮርኩታ! ያንቺና የኔ ቢደመር አንድ ሙሉ እግር ይወጣዋል!»

ሲልቬስተርም ከደጅ ገብቶ ቦቱን ጎትቶ አወለቀ። ዐሥሩም ጣቶቹ ደኅና ናቸው።

«ይቅርታ፣ የኔ ሙሉ ነው» አለ አፍሮ።

«አንተ ሽርሽር ነበር እንዴ የሄድከው?» አለችው አንዷ። ጎጆው በሳቅ ተናጋ። ስሙ «የሳቅ በርሜል» የሆነው በከንቱ አልነበረም ለካ።

ጌንያ ቀኝ እግሯን አወጣች። ከዚያ ግራውን አወጣች። ጎመን የተጣበቀበት፣ ቀይ፣ ሦስት ጣት የጎደለው እግር ወለሉ ላይ ቆመ። ልጆቹ አዩት። «ዳክዬ» ያለ ግን አልነበረም፤ የሚሉት ማንን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ሚስተር ፔንበሪ ከወንበሩ ተነሥቶ የተከመረውን ጫማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቋል። ሰውየው ግን ሥራው ሥራ ነውና፣ ሰኞ በደንቡ መሠረት እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ሰኞ መጣ፤ በርሜሉ የለም። ከጎጆ ወደ ጎጆ ሲዞር ከረመ፤ ሽታው ከካምፑ ወዲያ ማዶ ይሰማል፣ በርሜሉን ግን ያየ የለም። በደኅና ጊዜ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚጠጡት ሁሉ ሚስተር ፔንበሪን ሲያዩ ቋንቋው ይጠፋባቸዋል። ለገና፣ አንድ ሳህን እንላክለት ያሉ ነበሩ። አፖሎንያ «መጥቶ ይለምነኝ» አለች። ጎመኑ አልበሰበሰም። ከዚያ የሚጥም ጎመን አፖሎንያ ዕድሜዋን ሙሉ አልበላችም፤ ይህን የምትለው እሷ ናት እንጂ እኛስ ጨው በዝቶበታል ባዮች ነን።

ካምፑ ሲዘጋ ጌንያ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏንም ቀበረች። የከተማው ቤቶች አስተዳደር በርሜል ይዘው እንዳይገቡ ቢከለክል በርሜሉን በሕፃን ጋሪ፣ ብርድ ልብስ አልብሳ አስገባችው። አሁንም ወጥ ቤቷ ውስጥ አለ፤ በየመስከረሙም እሷ ራሷ ትገባበታለች፣ ልጆቿ ወገባቸውን ይዘው ቢጮኹም።

ይህ ሁሉ ግን የኋላ ነው። ሚስተር ፔንበሪ በዚያ ሰኞ በርሜሉን ፈልጎ ባጣ በማግስቱ፣ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። አስተማሪዋ «ጫማ አውልቁ» ስትል ዶሪን ጓደኞቿን ጎሰም አድርጋ ወደ ጌንያ ዞረች። ጌንያ ወደ ግድግዳው አልሄደችም። አዳራሹ መካከል ቁጭ ብላ ማሰሪያዋን ፈታች፤ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ተነሥታም ግራ እግሯን ወደ ዶሪን ዘረጋች።

ዶሪን ጎንበስ ብላ አየችው። «ጣቶችሽ የት ሄዱ?»

«ሦስቱን ሩሲያ በላቻቸው» አለች ጌንያ። «ሰባቱን ግን እኅቴ ከጉሮሮዋ ፈልቅቃ አወጣችልኝ። ማርሴላ ትባላለች። በደንብ እያቸው፤ የሷ ናቸው።»